የእትዬ ጥሩወርቅ ወንፊት

ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት የመምህራን ማረፊያው መስኮት ተዘግቶ አገኘሁት። በደብረ ታቦር መስኮት ተዘግቶ ማግኘት የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ከጉና የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ያ መስኮት ግን እኔ እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በበጋም በክረምትም ክፍት ነበር። መያዣው ዝጓል። ወደ ላይ ቀና አድርጎ በመዳፍ መታ ማድረግ ይፈልጋል፤ ብልሃቱን የሚያውቁት ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ።

"እትዬ ጥሩወርቅስ?" አልኩ።

የሒሳብ አስተማሪው ደምሌ ጋቢውን አጣጥፎ ከወንበሩ ጀርባ ላይ አኑሮታል። "አልሰማሽም?" አለኝ። "እናታቸው ወድቀው አልጋ ይዘዋል። ሊያስታምሙ ይፋግ ወርደዋል። ጡረታቸውንም ቀድመው ጠይቀዋል አሉ።" ከዚያ መስኮቱን አየና "ይኸው፣ ሙቀት አገኘን" አለ። ደስ ያለው ግን አይመስልም።

እኔ ነገርን ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም በዚህ ያሙኛል። ዘንድሮ ግን ደክሞኛል። ክፍሎቹ ሞልተዋል፣ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሰው ልብ አብሮ ይከፈታል ይዘጋል፤ እሳቸው የነበሩበት ወንበር ደግሞ ባዶ ነው። ቢሆንም ስለ እሳቸው የማውቀውን ልጻፍ።

እትዬ ጥሩወርቅ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ረጅም ናቸው፣ ቀጠን ያሉ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ሥራ ይዘዋል። ጣናን በአንድ መስመር፣ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሡ ይሥሉ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን መስመሩ መሐል ላይ ይቆማል። ግራ እጃቸው ግድግዳውን ይደገፋል፣ አንገታቸው ይቀላል፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ላብ ከግንባራቸው ይፈልቃል።

"ልጆች፣ መጣ" ይላሉ።

መስኮት ዳር የተቀመጡት ተማሪዎች ሳይታዘዙ ተነሥተው ይከፍታሉ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ሹራቡ ውስጥ ይቀብራል። ማንም አይስቅም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ይጠርጉና "ሄደ። የት ነበርን?" ይላሉ።

"ጎርጎራ!" ይላል ክፍሉ። መስመሩም ከጎርጎራ ይቀጥላል።

ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግን ሣቅ ነበረ። ደምሌ እሳቸውን ሳይነካካ አይውልም።

"እትዬ፣ ጉናን እኮ ጠርተው አስገቡብን!"

"አንተ ጋቢህን ደርብ። ለኔ የሚወለቅ ነገር የለም፤ ያለኝን ሁሉ አውልቄ ቆዳዬ ነው የቀረው።"

ሣቁ ካለፈ በኋላ ፊታቸውን አየው ነበር። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነው። "እንቅልፌን የት እንዳኖርኩት እንጃ" ይላሉ። እኔን ሲጠሩ መጀመሪያ የሁለት ሴት ልጆቻቸውን ስም፣ ቀጥሎ የአንዲት ተማሪ ስም አልፈው ነው "ትዕግሥት" ላይ የሚደርሱት።

አምና፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ወዳለሁበት የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ መጡና በሩን ዘጉ። መስኮቱን ከፈቱ። ከዚያ ተቀመጡ።

"አንቺ የሰውነት አስተማሪ ነሽ" አሉኝ። "እስቲ ሰውነቴ ምን እንደሚለኝ ንገሪኝ። ከመገበሪያ ቤት አስወጣኝ።"

ለማያውቅ ላስረዳ። መገበሪያ ለቅዱስ ቁርባን ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው። በእኛ ደብር ስንዴውን የሚለቅሙት፣ የሚያጥቡት፣ በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩትና የሚነፉት መነኮሳይትና የወር አበባ የቀረባቸው ሴቶች ናቸው። ዱቄቱን ዲያቆኑ ይረከባል፤ ኅብስቱ የሚጋገረው ቤተ ልሔም ውስጥ በዲያቆናት እጅ ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት መገበሪያ መንካት ቀርቶ ቅጥሩ ውስጥም አትገባም፤ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች።

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመኙት የኖሩት ሥራ ነው። እናታቸው ይፋግ ላይ መገበሪያ ነፊ ነበሩ። "እሷ ስትነፋ በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር" አሉኝ። "ግቢ የምባልበትን ቀን ስጠብቅ አረጀሁ። ሌላዋ ሴት ሲቀርባት ትተክዛለች፤ እኔ እልል ነው ያልኩት።"

ከሁለት ዓመት በላይ በየቅዳሜው ነፍተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ወንፊቱን እንደያዙ ያ ወላፈን መጣባቸው። እጃቸው በዱቄት ስለተያዘ ፊታቸውን መጥረግ አልቻሉም። ላቡ ከግንባራቸው ወርዶ ዱቄቱ ላይ ጠብ አለ። የመገበሪያ ቤቱ ኃላፊ እማሆይ አይተዋል። አልተቆጡም። ዱቄቱን ገልብጠው ለድኾች እንዲሰጥ አዘዙና "ልጄ፣ ይህ ነገር እስኪያልፍልሽ አረፍ በይ" አሏቸው።

"እስኪያልፍልሽ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "መቼ ነው የሚያልፈው?"

ተነሣሁና ጠመኔ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው አይገኝም። ማህፀንን፣ በግራና በቀኝ የእንቁላል እጢዎቹን ሣልኩ። ሆርሞን ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው በደም የሚላክ መልእክት መሆኑን፣ ሴት ስታርጥ እጢዎቹ ኤስትሮጅን የሚባለውን መልእክት መላክ እንደሚያቆሙ ነገርኳቸው።

"አንጎል ውስጥ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ" አልኩ። "ያ መልእክት ሲቀርበት ቁጡ ይሆናል። ትንሽ ሙቀት ባየ ቁጥር ተቃጠልን ብሎ ይጮሃል። ሰውነትም አምኖት ላብ ያፈስሳል።"

"እንደ ርዕሰ መምህራችን በይኛ።"

"ልክ እንደሳቸው። በአንዳንድ ሴት ቶሎ ያልፋል፤ በአንዳንዷ ግን ዓመታት ይቆያል። መድኃኒት አለው። የሆርሞን ምትክ ሕክምና ይባላል። የቀረውን መልእክት በትንሹ ከውጭ መተካት ነው።"

ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "የቀረውን ሆርሞን ከመለሰ፣ የቀረውን ደምም ይመልሳል?"

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ጥያቄው የት ላይ እንዳነጣጠረ ያኔ ገባኝ። "ይሄንን ከሐኪም እንስማ" አልኩ።

መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍረን ባሕር ዳር ወረድን። የሐኪሟ በር ላይ ያለው ሰልፍ ኮሪደሩን ሞልቶታል። እትዬ ጥሩወርቅ በአሮጌ አትላስ ሽፋን ራሳቸውን እያራገቡ ጠበቁ። ተራችን ሲደርስ ሐኪሟ ከእኛ ይልቅ የደከመች መሰለችኝ፤ ግን አላቻኮለችንም። በቤተሰብ የጡት ካንሰር፣ በራሳቸው የደም መርጋት፣ የጉበት ሕመም እንዳለ ጠየቀች። ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ጡታቸውን መረመረች።

"ለሁሉም ሴት አንሰጠውም" አለቻቸው። "የጡት ካንሰር ለነበረባት፣ ደም ለረጋባት አይሆንም። ለሚሆናትም ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ ነው። ጥቂት ስጋት አለው፤ አልደብቅዎትም። ለእርስዎ ጥቅሙ ያመዝናል። በትንሹ እንጀምራለን፣ በየዓመቱ እንመካከራለን።"

"ውስጡ ምንድነው ያለው?"

"ሁለት ሆርሞን። ኤስትሮጅን ግለቱን ያበርዳል። ብቻውን ከተወሰደ ግን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል፤ ያ ደግሞ ወደ ክፉ በሽታ ሊያመራ ይችላል። ማህፀን ስላለዎት ሁለተኛው፣ ፕሮጄስትሮን፣ አብሮ ይሰጣል። እሱ ጠባቂው ነው።"

"ደምስ?"

"የወር አበባ ከቀረብዎት ስለቆየ ሁለቱንም በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ ነው የሚወስዱት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ባለው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ከመጣ ወይም ከበዛ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

"የሚመጣበት ቀን ይታወቃል?"

"አይታወቅም።"

"ቅዳሜም ሊመጣ ይችላል?"

ሐኪሟ ቀና አለች። ነገሩን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። "ኪኒኑ ቅዳሜን አያውቅም፣ እናቴ" አለች በቀስታ።

በመልሱ መንገድ ወረታን አለፍን። አቀበቱን ስንጀምርና አየሩ ሲቀዘቅዝ እንዲህ አሉኝ፦ "ላቡ አስወጥቶኛል። ደሙም ያስወጣኛል። ግን ከላቡ መመለሻውን የሚነግረኝ የለም። ከደሙ ግን በስድስት ወር እመለሳለሁ ተብያለሁ።"

እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የማስረዳውን በአራት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

የንስሐ አባታቸው "መድኃኒት ኃጢአት አይደለም፤ ደም ከመጣ ግን ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ" አሏቸው። እማሆይም "ሲቆም ነይ፤ ወንፊትሽን ማንም አይነካውም" ብለው ሸኟቸው። መድኃኒቱን ኅዳር ላይ ጀመሩ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ማረፊያ ክፍል ስገባ ደምሌ መስኮቱ ሥር ተገትሯል።

"እትዬ፣ ምነው አመመዎት? ተዘግቷል እኮ!"

"ተኝቼ ነው ያደርኩት፣ ደምሌ" አሉ። "እንደ ሰው ተኝቼ።" እኔንም በመጀመሪያው ጥሪ "ትዕግሥት" አሉኝ። ያን ቀን ጣናን ጀምረው ሳያቋርጡ ዞረው ጨረሱት፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ ብለው ነገሩኝ።

ደሙ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ብዙ አይደለም። እሳቸው ካልተናገሩ በቀር ማንም አያውቅም። እሑድ ለቅዳሴ ስሄድ ግን ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር አየኋቸው። ዙሪያቸውን የቆሙት የእኛው ተማሪዎችና አዲስ ሙሽሮች ናቸው። እሳቸው ነጭ ለብሰው፣ ከሁሉም ቁመታቸው ረዝሞ፣ መሐላቸው እንደ ምሰሶ ቆመዋል።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አፏን በነጠላዋ ይዛ "ቲቸር፣ እርስዎም?" አለች።

"እኔም። ተመልሼ መጣሁባችሁ።"

ልጃገረዶቹ ተንሾካሾኩ፣ ሣቁ፣ ከዚያም ጥላው ካለበት ቦታ ለቀቁላቸው። ወደ ውስጥ የሚገቡት ትልልቅ ሴቶች ግን እንደነሱ አልቀለላቸውም። ሁለቱ ዞረው አዩ። "በዚህ ዕድሜዋ? ምን ሆና ነው?" ሲሉ ሰማሁ። ደሜ ፈላ።

"ሄጄ ላስረዳቸው?" አልኳቸው።

"ተይ። ማስረዳት ያንቺ ሥራ ነው። የኔ ሥራ መቆም ነው።"

ክረምቱ ሩቅ ነበር፤ ፀሐዩም ብርዱም እየተፈራረቀ ጥር አለፈ። አንዳንድ እሑድ ውስጥ፣ አንዳንድ እሑድ ውጭ ናቸው። እኔም በጊዜዬ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከደሙ ይልቅ መድኃኒቱን መፈለግ ያደክም ነበር። አንዱ ፋርማሲ "አልቋል"፣ ሌላው "ይመጣል"፣ ሦስተኛው ምን እንደሆነም አያውቀውም። መንገድ ሲዘጋ የቀራቸውን ኪኒን ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ የገሳይ ሰው የሆነ ሾፌር ከባሕር ዳር አምጥቶላቸው፣ ምን እንደያዘ ሳያውቅ "የልጅ መድኃኒት ነው፣ እትዬ?" አላቸው። "አዎ፣ የልጅነት ነው" አሉት።

የካቲት ላይ ደሙ ቆመ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስም አልተመለሰም። እማሆይ ይህን ሲሰሙ "ለፋሲካ የሚሆነውን አንቺ ትነፊያለሽ" ብለው ላኩባቸው። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው እንደ ተማሪ ነበር። የፋሲካ መገበሪያ በዓመት አንዴ ነው፤ እናታቸውም የነፉት ጥቂት ጊዜ ነው አሉኝ።

ከዚያ ሕማማት ገባ። እኔ የማላውቀውን ነገር ያደረጉት በዚያ ሳምንት ነው። የፋሲካን መገበሪያ የምትነካ ሴት ሕማማትን አጥብቃ ልትጾም ይገባታል ብለው አሰቡ። ሰኞ ኪኒኑን አልወሰዱም። ማክሰኞም። ቀን በአፋቸው ምንም እንዳይገባ፣ ማታም ሰውነታቸው እንዳይደላው ብለው ተዉት። ማንንም አልጠየቁም፤ ጾም ነውና መጠየቅ ያለበት ነገር አልመሰላቸውም።

ዓርብ፣ በስቅለት ቀን፣ ከስግደቱ መሐል ተነሥተው ወጡ።

ከወይራው ሥር አገኘኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅሱ አየሁ። ደሙ መመለሱን ሲነግሩኝ ሐኪሟ ዘንድ ደወልኩ። "በመቋረጡ ነው" አለች። "ሁለቱ ሆርሞኖች ድንገት ሲቆሙ ግድግዳው ይፈርሳል። ዛሬውኑ ይቀጥሉ፤ በጥቂት ቀን ካልቆመ ይምጡና እንመርምራቸው።" ይህን አስረዳኋቸው። ስሰማው የገዛ ድምፄ ሰለቸኝ፤ የነገርኳቸው ልክ ነበር፣ ግን አላጽናናቸውም።

ሰው ልከን ስናስታውቃቸው እማሆይ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ቅጥሩ በር መጡ። እሳቸው ከውስጥ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከውጭ ቆሙ።

"ማን አቁሚ አለሽ?"

"ጾሙ፣ እማሆይ።"

"እኔ የደም ግፊቴን ኪኒን በሕማማትም እውጣለሁ። አባ ፈቅደውልኛል። ጠይቀሽ ቢሆን አንቺንም ይፈቅዱልሽ ነበር።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "መድኃኒቱን ከቅዳሴ በኋላ አድርጊው፣ ማታ። ዘንድሮ ፋሲካን ሌላ ትንፋ።"

"ወንፊቴንስ?"

"ለሷ ሌላ ወንፊት አለ" አሉ እማሆይ።

ደሙ በሳምንቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። እትዬ ጥሩወርቅ በየማታው መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ ደሙ እንደማይመለስ እስኪያረጋግጡ ሚያዝያንና ግንቦትን ቆጠሩ። መገበሪያ ቤት ሲገቡ እኔ አብሬ ልሄድ አልችልም፤ ገና ወጣት ነኝ። ለሰኔዋ ማርያም ዋዜማ ግን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እማሆይ በሩ ላይ አስቆሟቸው። ምንም አልጠየቁም። ደረቅ፣ የተጨማደደ መዳፋቸውን አንሥተው የእትዬ ጥሩወርቅን ግንባር ከዳር እስከ ዳር ዳበሱ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ደረቅ ነው።

"ግቢ" አሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወንፊቱ ሲመታ ሰማሁ። ያን ቀን ብዙ ቆየሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ ሰፌድ ነጭ ዱቄት ከሞላ በኋላ እንኳ መሄድ አልቻልኩም፤ ድካሙ የእኔም የነበረ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አልነፉም። ክረምቱ ሲገባ እናታቸው ወደቁ። እሳቸውም ወረዱ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር። ይፋግ ከእኛ በጣም ዝቅ ያለ፣ ሞቃት አገር ነው። መድኃኒቱን በሚኒባስ ሾፌር እልክላቸዋለሁ፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም።

"መድኃኒቱ ደረሰዎት?"

"ደርሷል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና 'ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቦታዬ ባዶ እንዳይሆን' አለችኝ። ሄድኩ።"

"ሴቶቹ ምን አሉ?"

"'ቀርቶብሻል?' አሉኝ። አዎ ብዬ መግባት እችል ነበር። ግን መድኃኒቱንም፣ ያ ሁሉ ወር ውጭ መቆሜንም ነገርኳቸው። አንቺ የሣልሽልኝን መሬት ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው። ማህፀኑ ጣናን መሰለ።"

"ገባቸው?"

"ሥዕሉን ጎንበስ ብለው አዩት። አንዷ ግን ወደ ጎን ጠራችኝ። ነጠላዋ በላብ ርሶ ነበር። 'ያ ኪኒን የት ይገኛል?' አለችኝ። አንቺ ዘንድ ልልካት ነው፤ ከሥሩ ጀምረሽ አስረጂልኝ።"

"ታዲያ አስገቡዎት?"

"ሁለት ቅዳሜ ነፋሁ።"

ልቤ ጥቂት አረፈ። ነገር ግን ጥያቄዬን አልተውኩም። "ሙቀቱስ፣ እትዬ? እዚያ ላብ አይወርድዎትም?"

"እንዴት አይወርድ! ሁላችንንም ነው የሚወርደን። ስለዚህ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንነፋለን።" ከስልኩ ማዶ እናታቸው ሲጠሯቸው ሰማሁ። "መጣሁ፣ እማ!" አሉና ወደ እኔ ተመለሱ። "የአገሩ ሙቀት ሰዓቱ ይታወቃል፣ ልጄ። የማይታወቀው የኔ ነበር።"